ሦስት ቀን በአዋሽ ላይ፦ ከጓደኞች ጋር በታንኳ ከበቾ ሜዳ እስከ መልካ ቁንጥሬ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ወንዝ ማለት አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ድልድይ ነው። ቀበና፣ ባንተይቀጡ፣ ትንሹ አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ፤ ስማቸው ያማረ፣ ውሃቸው የከፋ። ስለዚህ “ሦስት ቀን ወንዝ ላይ እንሰንብት” ስትሉ ጓደኞቻችሁ ቢስቁ አትፍረዱባቸው። ነገር ግን በአየር ጤና ወጥታችሁ፣ አለም ገናንና ሰበታን አልፋችሁ በጅማ መንገድ ስትነዱ፣ ከተፍኪ ወዲያ መንገዱ ሌላ ወንዝ ይሻገራል። ይህ አዋሽ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ የበቾን ሜዳ እየተጠማዘዘ ያቋርጥና ወደ መልካ ቁንጥሬ ይወርዳል። አቃቂ የመዲናዋን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚቀላቀለው ከዚያ በታች ስለሆነ፣ እዚህ ያለው አዋሽ ገና የአዲስ አበባን ፍሳሽ አልቀመሰም።

ይህ መመሪያ ለስድስት ሰው፣ ለሦስት ታንኳ፣ ለሦስት ቀንና ለሁለት ሌሊት የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው ስለ ታንኳው ይጨነቃል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፦ መቅዘፍ በሁለት ቀን ይለመዳል፤ ጉዞውን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ከመሬቱ ባለቤት ጋር ያላችሁ ነገር ነው። በፈረንጅ ቪዲዮ እንደምታዩት ሰው የሌለበት ጫካ ዳር ድንኳን መትከል እዚህ አይታሰብም። በቾ ውስጥ የወንዙ ዳር ሁሉ የሰው ማሳ፣ የሰው ግጦሽ፣ የሰው ከብት የሚጠጣበት መልካ ነው። እያንዳንዷን ሌሊት የምታድሩት በእንግድነት ነው። ቅደም ተከተሉንም በዚሁ ልክ አዘጋጅቼዋለሁ።

ለምን ይሄኛው ቁራጭ?

ካርታ ላይ ለአዲስ አበባ የሚቀርብ ወንዝ ብዙ ነው። ብዙውን ግን ገና ከመነሻው ሰርዙት። አቃቂና አባ ሳሙኤል በፋብሪካና በፍሳሽ ምክንያት ከጨዋታ ውጭ ናቸው፤ እዚያ ውሃ ውስጥ መገልበጥ ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ቆቃና ከቆቃ በታች ያለው አዋሽ ደግሞ ጉማሬና አዞ አለበት። በዚያ ላይ የቆቃ ግድብ (እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው) እና ከእሱ በታች ያሉት የኃይል ማመንጫዎች ውሃ የሚለቁት በራሳቸው ፕሮግራም እንጂ በእናንተ አይደለም። ዓባይና ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ያሉ፣ የሠለጠነ መሪና የጎማ ራፍት የሚጠይቁ ወንዞች ናቸው፤ ለጀማሪ ጓደኛሞች አይሆኑም።

የበቾው አዋሽ ግን ሜዳ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይጠማዘዛል፣ የሚያስፈራ ፏፏቴ የለበትም። ሌላው ጥቅሙ መንገዱ ነው፦ የምትነሱበት ድልድይ በጅማ መንገድ፣ የምትወጡበት መልካ ቁንጥሬ በቡታጅራ መንገድ ላይ ሲሆን ሁለቱ መንገዶች አለም ገና ላይ ይገናኛሉ። አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ይዛችሁ አድርሷችሁ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሌላኛው መንገድ መጥቶ ይወስዳችኋል። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሾፌሩም አይከብደውም።

ከመልካ ቁንጥሬ ድልድይ በታች አትውረዱ። ወንዙ ሜዳውን ጨርሶ ገደል ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። “ትንሽ እንይ እስቲ” የሚል ጓደኛ ካላችሁ ከጉዞው በፊት ተስማሙበት።

አንደኛ፦ ጊዜውን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ የበቾ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ ማሳውን ያጥለቀልቃል፣ ዳርና መሐሉ አይለይም። መስከረም ገና ደፍራሽና ጉልበተኛ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ የመስኖ ሞተሮች ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት መሳብ ስለሚጀምሩ ውሃው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ታንኳውን የምትጎትቱት እናንተ ናችሁ። ጥሩው መስኮት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው።

ይህ መስኮት ለስንቅም ያመቻል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ቋንጣ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የሚጾም ጓደኛ ካለ ግን ቀድማችሁ ጠይቁት። ረቡዕና ዓርብ በጉዞው ውስጥ ከገቡ ምግቡን በዚያው ልክ ማሰብ ነው።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ወንዙን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። ሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ቁሙና አንድ ቋሚ ምልክት ያዙ፤ የድልድዩ እግር ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም ዳር ያለ ድንጋይ ይበቃል። በሁለተኛው ቅዳሜ ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ካለ ወንዙ እየጎደለ ነው፣ ጥሩ። ከፍ ካለ ወደ ላይ ዘንቧል፤ አራዝሙት። ውሃው ዳር ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ከሸፈነ አትግቡ። እረኞች ከጉልበት በታች እየተሻገሩት ከሆነና አሸዋው በየቦታው ከወጣ ደግሞ ዘግይታችኋል፤ ለመጪው ዓመት ያዙት።

ሁለተኛ፦ በካርታ ለኩ፣ በእግር አረጋግጡ

ስልካችሁ ላይ ያለውን የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ከድልድዩ እስከ መልካ ቁንጥሬ ያለውን ወንዝ ጥምዝምዙን እየተከተላችሁ ለኩ። በቀጥታ የምታሰምሩት መስመር ያታልላችኋል፤ በሜዳ ላይ የሚሄድ ወንዝ የቀጥታውን እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ጀማሪ ቡድን ዕቃ ጭኖ በቀስታ ውሃ ላይ በሰዓት 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቀን 5 ሰዓት መቅዘፍ ይበቃል፤ ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ለአንድ ቀን ያዙ። የለካችሁት ከዚህ በላይ ካሳየ መነሻውን ወደ ታች አምጡ ወይም አንድ ቀን ጨምሩ። በፍጥነት አካክሰዋለሁ የሚባል ነገር የለም።

ካርታው ላይ ሦስት ነገር ምልክት አድርጉ፦ መንደሮቹን፣ መኪና ወይም ባጃጅ እስከ ወንዙ የሚደርስባቸውን መንገዶች፣ እና የእግረኛ ድልድዮችን። በየግማሽ ቀን ርቀት ቢያንስ አንድ መውጫ ሊኖራችሁ ይገባል። አንድ ሰው ቢታመም የሚያስወጣችሁ ያ ምልክት ነው። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ በሁለት ስልክ ላይ አውርዱት።

ከዚያ ሁለት ሰው በሞተር ሳይክል ወይም በመኪና ሄዶ ያገኘውን መውጫ ሁሉ በዓይኑ ይይ። የምትጠይቁት እረኛውን ይሁን፤ ወንዙን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። “አዞ ወይ ጉማሬ ታይቶ ያውቃል?” “ውሃው የሚንጫጫበት ቦታ የት ነው?” “ሽቦ ወይ ገመድ የተወጠረበት አለ?” “ዘንድሮ የወደቀ ትልቅ ዛፍ አለ?” ለመጀመሪያው ጥያቄ “አዎ” የሚል መልስ ካገኛችሁ ያ ቁራጭ አበቃ፤ ክርክር የለበትም።

ሦስተኛ፦ ፈቃድ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ከታንኳው ሳይሆን ከታጠቀ ሚሊሻ ጋር ሲነጋገር ያመሻል፤ ሚሊሻውም ልክ ነው። ስድስት የማይታወቁ ወጣቶች፣ ቀለማቸው የደመቀ ጀልባ፣ በሰው ማሳ መሐል፤ ማንም ቢሆን ይጠይቃል።

አካባቢው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ይገባል። ወንዙ የሚያልፍባቸውን ወረዳዎች ለዩና ከሁለት ሳምንት በፊት ማመልከቻ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ የስንት ሰው ቡድን፣ ከየት እስከ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለመዝናናት መሆኑን፣ የመታወቂያ ኮፒ ተያይዞ። ስለ ጸጥታው በቀጥታ ጠይቁ፤ “ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ሌሊት ወንዝ ዳር ማደር ይቻላል ወይ?” ብላችሁ። ባለሥልጣኑ ካመነታ ጉዞውን ተዉት። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ማደርም ጉዞ ነው። ፈቃዱ ሲሰጣችሁ በየቀበሌው የሊቀመንበሩን ስልክ ተቀበሉና ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ደውሉ። ከስድስቱ አንዱ አፋን ኦሮሞ ጥሩ አድርጎ የሚናገር መሆን አለበት፤ ይህ ከላይፍ ጃኬት እኩል የግድ ነው።

ድሮን ቤት ይቅር። ያለ ፈቃድ ማብረር አይፈቀድም፤ እዚህ ሜዳ ላይ አየር ላይ የምትጮህ ነገር ደግሞ የሦስት ሳምንት መግባባት በሦስት ደቂቃ ታፈርሳለች።

የወረዳው ፈቃድ ግን የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ አይደለም። እሱን የምታገኙት በየምሽቱ ነው። ከመምሸቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ ማለትም እስከ 10 ሰዓት፣ ቅዘፋ አቁሙ። ሁለት ሰው ብቻ፣ እርጥብ ልብሱን ቀይሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቅርብ ቤት ይሂድ። ሌላው ታንኳው ጋ ይቆይ፤ ዕቃ ማራገፍ አይጀምር። “አካም ኦልታን” ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያም በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፦ “አባባ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው። በወንዙ እየወረድን ነው። ከግጦሹ ዳር አንድ ሌሊት ብናድር ይፈቅዱልናል?” ስለ ገንዘብ ቀድማችሁ አታንሱ። ሽማግሌው ራሳቸው ቦታ ያሳያሉ፤ ብዙ ጊዜም እናንተ ከመረጣችሁት ይሻላል፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ያውቃሉና።

እርጎ ወይም አሬራ ቢቀርብ “ጠግበናል” ማለት ነውር ነው፤ ቅመሱ። እጅ መንሻ ይዛችሁ ሂዱ፦ በየሌሊቱ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ለቤቱ እናት። ለሌሊት ጥበቃ አንድ የቤቱን ወጣት ጠይቁ፤ ዋጋውን ምሽት ላይ አባትየው ባሉበት ተስማሙ፣ ግማሹን ያን ጊዜ ግማሹን ጠዋት ክፈሉ። ሌባ መፍራት ብቻ አይደለም፤ ውሾቹንም ጎረቤቱንም የሚያውቅ ሰው ከእናንተ ጋር ማደሩ ነው ቁም ነገሩ።

አራተኛ፦ ታንኳው

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ታንኳ መግዛት ቀላል አይደለም። ለዚህ ጉዞ የምመክረው የሚነፋውን ዓይነት ነው። ሲተነፍስ ሻንጣ ያክላል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ይዞት ሊመጣ ይችላል (የጉምሩኩን ወጪ አስቡበት)። ደንዳና ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ታንኳ በውሃ ላይ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የመኪና ጣሪያ ላይ መጫኛ ይፈልጋል፣ በበቾ ጭቃም ሁለት ሰው አይሸከመውም። ለሐይቅ መጫወቻ የተሠራ ቀጭን ጀልባ አትያዙ፤ አንድ የግራር እሾህ ይበቃዋል። ወፍራም፣ ሦስት ለየብቻ የሚነፉ ክፍሎች ያሉት፣ ለሁለት ሰውና ለዕቃ የሚበቃ ይሁን። መጠገኛ ጎማና ማጣበቂያ፣ ሁለት መንፊያ፣ ለሦስቱ ታንኳ አንድ ትርፍ መቅዘፊያ።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ። ለብሳችሁ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል። ውሃ ላይ እስካላችሁ ድረስ አይወልቅም፣ ዚፑም አይከፈትም። ዋና የሚችልም የማይችልም እኩል ነው። ጨርሶ ዋና የማይችል ሰው ግን ለዚህ ጉዞ ዘንድሮ ይቆይ።

አምስተኛ፦ ቢሾፍቱ ላይ መለማመድ

ሁለት ቅዳሜ ባቦጋያ ወይም ሌላው ሐይቅ ዳር ይበቃችኋል። አንዳንዶቹ መዝናኛዎች ካያክ ያከራያሉ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አስፈቅዱ። የኢሬቻ እሑድ ግን አይሆንም፤ ሆራ አርሰዲ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ከዳሩ ትንሽ እንደራቃችሁ በጣም ይጠልቃሉ፤ ልምምዱ ዳር ዳሩን ይሁን።

የምትለማመዱት አራት ነገር ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ፦ ከፊት ያለው ምቱን ይመታል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ እያንዳንዱን ቅዘፋ ሲጨርስ የመቅዘፊያውን ሰፊ ጫፍ ገፋ እያደረገ አቅጣጫ ያስተካክላል። ማቆምና ወደ ኋላ መቅዘፍ። ወደ ጎን መሳብ፦ መቅዘፊያውን ራቅ አድርጎ ተክሎ ታንኳውን ወደ እሱ ማምጣት። አራተኛው ሆን ብሎ መገልበጥ። ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ይገልበጥ፣ ከሌላ ታንኳ ጋር ተረዳድቶ ተመልሶ ይውጣ። “አያስፈልግም፣ ልብሴ ይረጥባል” ያለ ሰው ወንዙ ላይ የመጀመሪያው ተሸባሪ ይሆናል።

የፉጨት ምልክት እዚያው ተስማሙ፦ አንድ ረጅም ፉጨት “ቁሙ፣ እዩኝ”፤ ሦስት ፉጨት “እርዱኝ”። ጩኸት በውሃ ድምፅ ይዋጣል።

ስድስተኛ፦ ዕቃና ስንቅ

ለልብስ ብዙ አላወራም። የሚደርቅ ሱሪ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ የሚታሰር ጫማ (ነጠላ ጫማ በጭቃው ውስጥ ይቀራል)፣ ለሌሊት ጃኬትና ጋቢ። ቦታው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ ይቆነጥጣል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የሌሊት ልብስና ስሊፒንግ ባግ በሁለት ወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አፉ ታስሮ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይግባ። የምግብ ዘይት ወይም የማር ባልዲ በጣም ጥሩ ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ምሽት ላይም መቀመጫ ይሆናል።

ውሃ ከወንዙ አይጠጣም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ከላይ ካሉ ከተሞችና ማሳዎች የሚመጣውን ኬሚካል ግን አያወጣም። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ያዙ፦ ስድስት ሰው በሦስት ቀን 90 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ከባድ ነው። መፍትሔው በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን መኪና ከሚደርስበት መውጫ ላይ ከሾፌሩ ጋር መገናኘትና ግማሹን ያኔ መቀበል ነው። በዚያው የጤናም የስሜትም ፍተሻ ታደርጋላችሁ፤ የደከመ ሰው ካለ ከእሱ ጋር ይመለስ፣ ማንም አይስቅበት።

ስንቁ ላይ የታሸገ የፈረንጅ ምግብ ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት የሚዞር ሰው ይገርመኛል። የዚህ አገር ሰው በቅሎ ጭኖ ወር ሲጓዝ የኖረው በምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም የማይበላሽ። ለታንኳ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አልተፈጠረም።

እንዲህ አድርጉት። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ከቤት የመጣ እንጀራ በወጥ ይሁን፤ ትኩስ እንጀራ አትጠቅልሉ፣ በደንብ ይብረድ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለልና ባልዲ ውስጥ ይግባ። በዚህ ብርድ ሁለተኛው ቀን ምሳ ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ሻጋታውን እዩ። ማታ ድርቆሽ ፍርፍር፦ ሽንኩርቱ ቤት ተከትፎ በዘይትና በበርበሬ ቁሌት ሆኖ በብልቃጥ ይምጣ፤ እዚያ ቋንጣውን ጨምሮ ውሃ ማፍላትና ድርቆሹን መበተን ብቻ ነው፣ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ለሚጾም ያለ ቋንጣ፣ በሌላ ድስት፤ ማማሰያውም የተለየ ይሁን፣ ይህን በደንብ ያዙ። ሁለተኛው ማታ ሽሮ። በርበሬው፣ ጨውና አብሽ የገባበት ሽሮ ዱቄት ከሆነ ዘይትና ውሃ ይበቃዋል። ቀን ላይ ታንኳ ዳር በሶ በማር ወይም በጨው በኩባያ መበጥበጥ፤ ጭኮ የምትሠራ እናት ያለችው ጓደኛ ካላችሁ ያ ሰው የቡድኑ ንጉሥ ነው። ቆሎ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ።

ማገዶ አትጠብቁ። በቾ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ጥቂት ነው፤ የምታዩት ባህር ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ሰዉ የሚያነደው ኩበት ነው። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳት ከፈለጋችሁ ከቤቱ ኩበት ግዙ። ቡናውን የቤቱ እናት ካፈሉላችሁ የጋዙን ነገር እርሱት።

አልኮል ውሃ ላይ የለም፤ ማታ ትንሽ አረቄ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው። ስፒከር አትያዙ።

ሰባተኛ፦ ውሃ ላይ

ታንኳውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከድልድዩ ሥር አውርዱ። ጀሪካኑ መሐል ላይ፣ ከታች፣ ታስሮ፤ ባልዲዎቹ ከጎኑ። ከፍ ተደርጎ የተጫነ ታንኳ ይገለበጣል። ገመድ እግር ላይ እንዳይጠመጠም ትርፉ ይጠቅለል። ስልክ ከማንም ኪስ ይውጣና ታሽጎ ይግባ።

ጥሩ ቀዛፊዎች ያሉበት ታንኳ ፊት ይመራል፣ ሁለተኛ ጥሩዎቹ ከኋላ ይዘጋሉ፣ ደካማው መሐል። ከፊተኛው ማንም አይቀድምም፣ ከኋለኛው ማንም አይቀርም፣ ሁሉም ከኋላው ያለውን ያያል። መታጠፊያ ላይ ውሃው ወደ ውጨኛው ዳር ይገፋችኋል፤ ፈጣኑም፣ የተቦረቦረው ዳርም፣ የወደቀው ዛፍም ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ወደ ውስጠኛው ዳር ተጠጉና እየቀዘፋችሁ እለፉ።

ከሁሉ የምፈራው የወደቀ ዛፍ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሐል እንደ ወንፊት ያልፋል፤ ሰውና ታንኳ ግን አያልፉም፣ ውሃው እዚያው ያጣብቃቸዋል። ከሩቅ ካያችሁት ወደ ዳር ውጡ፣ ወርዳችሁ እዩ፣ ተሸክማችሁ እለፉ። የመስኖ ሞተር ቱቦና መሻገሪያ ገመድም ያው ነው። ከታጠፈው ማዶ ምን እንዳለ ካላያችሁ ፊተኛው ታንኳ ቆሞ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ይይ። በዚህ ምክንያት ግማሽ ሰዓት የባከነበት ጉዞ ጥሩ ጉዞ ነው።

ከተገለበጣችሁ፦ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ ተነስቶ። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በዛፍ ሥር ወይም በድንጋይ መሐል ከተያዘ ውሃው ጭንቅላትን ይደፍቃል። ከታንኳው በላይ ባለው በኩል ሁኑ፣ በእሱና በዛፍ መሐል አትግቡ። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ታንኳ፣ በመጨረሻ ዕቃ። ዳር ላይ ሁልጊዜ 15 ሜትር ገደማ የሚወረወር ገመድ ያለው ሰው ይኑር።

የበቾ መረሬ አፈር ሌላው ፈተና ነው። እርጥብ ሲሆን ጫማ ይነቅላል፣ ዳሩም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የምትወጡት ከብት በሚወርድበት መልካ በኩል ይሁን፤ መሬቱ ተረግጦ ጠንክሯል። ከብት እየጠጣ ከደረሳችሁ ጠብቁ። እረኛው ልጅ ቢሆንም ሰላም በሉትና አስፈቅዱት፤ የደነገጠ በሬ ውሃ ውስጥ ከታንኳ ጋር አይስማማም። መንገድ ላይ ዳክዬውና ዝይው ብዙ ነው፤ የሚነሣው በራሱ ጊዜ ይነሣ፣ አታባርሩት።

ስምንተኛ፦ ሰፈር

ግጦሽ ላይ ስፈሩ፤ ጤፍና ገና የበቀለ ሽምብራ ወይም ጓያ ላይ እግራችሁም አይረፍ። ድንኳኑ ከውሃው ጠርዝ ቢያንስ ሁለት የሰው ቁመት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ማታ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ትከሉ፤ ከመተኛት በፊትና ለሽንት ስትነሡ በባትሪ እዩት። እንጨቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ወደ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ሌሎቹን ቀስቅሱ፣ ታንኳውን ጎትቱ። ታንኳው ለማንኛውም ሌሊት ከውሃ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ታስሮ ይደር።

ጅብ ይመጣል። ሰው ካለበት ድንኳን ጋ ብዙም አይጠጋም፤ ነገር ግን ውጭ የቀረ ምግብና ቆዳ ይወስዳል። ቋንጣው ክዳኑ በተዘጋ ባልዲ፣ የቆዳ ጫማና ቀበቶ ድንኳን ውስጥ። አጎበር ወይም ጥሩ መረብ ያለው ድንኳን ያዙ፤ ከክረምቱ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ጊዜ ናቸው። መጸዳጃ ከወንዙ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ ከእርሻና ከመንገድ ውጭ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ሸፍኑ፤ ሶፍቱን ግን ተሸከሙት። ሳሙና ወንዝ ውስጥ አይገባም፤ ከታች ያለው መንደር ይጠጣዋል።

ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ “ነገ እናያለን” የለም። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ሁለቱም የሚደርሱት መንገድ እስካለበት ድረስ ስለሆነ መጀመሪያ የምትነግሯቸው የቅርቡን መውጫ ስም ነው።

ዘጠነኛ፦ መውጫና ከዚያ በኋላ

በሦስተኛው ቀን መልካ ቁንጥሬ ከድልድዩ በላይ ባለው ምቹ ዳር ውጡ። ሾፌሩ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ይጠብቅ፤ ብትዘገዩ እስከ ስንት ሰዓት ጠብቆ ለማን እንደሚደውል በወረቀት ጻፉለት። ጊዜ ካላችሁ የቅድመ ታሪክ ሙዚየሙን እዩ። አዋሽ ዳር በጥንት ሰው የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች እዚህ መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ታውቆ ቁፋሮው ከዚያ ወዲህ ዓመታት ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቦታው በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመግባታችሁ በፊት ጭቃውን ከጫማችሁ አራግፉ።

ቤት ስትደርሱ ታንኳውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እርጥቡን ከጠቀለላችሁት ይሸታል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ሒሳቡን በዚያው ሳምንት ዝጉ፤ የአንዱ ሰው ዕዳ ወር ሲያልፍ ቀጣዩን ጉዞ ይገድላል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ለወባ ተመርመሩ፣ ወንዝ ውስጥ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። ምንም ሕመም ባይሰማችሁም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ለብልሃርዝያ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።